ፓራዳይም፦ አጠገብ የተቀመጠ ማሳያ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ሐሳብ ሳቀርብ አማካሪዬ ‹ፓራዳይምሽ ምንድን ነው?› አሉኝ። ሞዴል ማለታቸው መስሎኝ ሣጥንና ቀስት ያለበትን ሥዕሌን አሳየኋቸው። ‹ይሄማ ሞዴል ነው፤ እኔ የጠየቅኩሽ ፓራዳይምሽን ነው› አሉኝ። መዝገበ ቃላት ሳይ ግን ‹ምሳሌ፣ ሞዴል› ይላል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ቃሉስ ከየት መጣ? በአማርኛስ ምን ልበለው?»

እህቴ፣ መዝገበ ቃላቱም አልተሳሳተም፣ አማካሪሽም አልተሳሳቱም። ቃሉ ራሱ ነው የሚያስቸግረው። በትውልዱ ምሳሌ ነው። በሰዋስው የእርባታ ሠንጠረዥ ነው። በምርምር ደግሞ የአንድ ሙያ ሰዎች ነገሩን የሚያዩበት መንገድ ሆኗል። ይህን ቃል ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥሩን የያዘ ተማሪ የቀረውን በቀላሉ እንደሚይዝ አይቻለሁ። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቃሉ ግሪክ ነው፤ «ፓራዴይግማ» ይባላል። ሁለት ቁራጭ አለው። «ፓራ» ማለት ጎን፣ አጠገብ ነው። «ዴይክኑሚ» ደግሞ «አሳያለሁ» ማለት ነው። ሲገጣጠሙ አንድን ነገር ከሌላው አጠገብ አድርጎ ማሳየት ይሆናል። «ፓራ»ን ከሌሎች ቃላት ታውቂዋለሽ። ፓራሌል ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች ናቸው። ፓራግራፍ በጥንት ጊዜ ከጽሑፉ ጎን የሚሰመር ምልክት ነበር። ፓራሹት ግን ዘመዳቸው አይደለም፤ የእሱ «ፓራ» መከላከል ከሚል ሌላ ቃል የመጣ ነው። የሁለተኛው ቁራጭ ዘመዶችም ሩቅ አይደሉም። ዲክሽነሪና ኢንዴክስ በላቲን በኩል ይምጡ እንጂ ሥራቸው ያው «ማሳየት፣ ማመልከት» የሚለው ጥንታዊ ሥር ነው።

ቃሉን ፈላስፎች ብቻ አይደሉም የተጠቀሙበት። ግንበኛና ቀራጭም ይጠቀምበት ነበር። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ አልክሜኦናውያን ስለሚባሉ የአቴንስ ቤተሰብ ይተርካል። በዴልፊ ቤተ መቅደስ ለመሥራት ተዋውለው፣ ከፓራዴይግማው አስበልጠው አሳምረው ሠሩት ይላል። ውሉ ተራ ድንጋይ ነበር፤ እነሱ ግን የፊት ለፊቱን ከፓሮስ በመጣ እብነ በረድ አደረጉት። እዚህ ላይ ቃሉ ንድፍ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ ግን በአቴንስ የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ የግንባታ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይነበባል። ለጣሪያው ጌጥ የሰም ፓራዴይግማ ለሠራ ሰው የተከፈለ ገንዘብ አለበት።

እስቲ ነገሩን በዓይነ ኅሊናሽ እዪው። አንድ ባለሙያ አንድ አበባ በሰም ይቀርጻል። ሌሎቹ ያንን አጠገባቸው አስቀምጠው ደጋግመው ይሠራሉ። «አበባ ማለት ይህ ነው» የሚል ትርጓሜ አያስፈልጋቸውም። በቁጥር የተዘረዘረ ደንብም አያስፈልጋቸውም። ማሳያው አጠገባቸው አለ፤ እሱን እያዩ ይሠራሉ፣ በቃ። ይህን የሰም አበባ እንዳትረሺው፤ መልሼ አመጣዋለሁ።

ፕላቶ ቃሉን ወደ ሰማይ አወጣው። በ«ቲማዮስ» ውስጥ ዓለምን ያበጀው ሠሪ ዘላለማዊ ፓራዴይግማ እያየ ነው የሠራው ይላል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ይህን ነው። እኔ የምወደው ግን «የመንግሥት ሰው» በሚባለው ድርሰቱ ስለ ፊደል ተማሪ ልጆች የሚያነሳውን ነው። ልጆቹ አንድን ፊደል በአጭርና በቀላል ቃል ውስጥ ይለዩታል። ሌላ ከባድ ቃል ውስጥ ሲገባ ግን ይጠፋባቸዋል። መድኃኒቱ ያወቁትን ቃል አምጥቶ ካላወቁት ጎን ማስቀመጥ ነው። ያው ፊደል ሁለቱም ውስጥ እንዳለ ራሳቸው እስኪያዩት ድረስ። ልጅ ያስተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክ ሲተረጎምም ቃሉ ገብቷል። በዘጸአት ምዕራፍ 25 ሙሴ ድንኳኑን በተራራው ላይ በታየው ምሳሌ እንዲሠራ ይታዘዛል። ግሪኩ «ፓራዴይግማ» ብሎ ነው የጻፈው። «የማሳይህ» የሚለው ግሥም እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ሥሩና ፍሬው አንድ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

አርስቶትል ደግሞ የክርክር መሣሪያ አደረገው። አንድ ሰው «ዘበኛ ይመደብልኝ» ሲል አምባገነን ሊሆን ነው ብለን ብንሰጋ፣ ለምን ትላላችሁ ብንባል፣ ፔይሲስትራቶስም በአቴንስ፣ ቴአጌኔስም በሜጋራ ዘበኛ ጠይቀው ካገኙ በኋላ አምባገነን ሆነዋል እንላለን። ይህ ፓራዴይግማ ነው። አርስቶትል አንድ ረቂቅ ነገር አይቷል። እንዲህ ያለው ክርክር ከጠቅላላው ወደ ዝርዝሩ አይወርድም፤ ከዝርዝሩም ወደ ጠቅላላው አይወጣም። ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ዝርዝር ነው የሚሻገረው። መሐል ላይ የተጻፈ ሕግ የለም።

ከዚያ ቃሉ በላቲን አልፎ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ገባ። ብዙ ዘመን የኖረው ሰዋስው ውስጥ ነው። የላቲን ተማሪ «አሞ፣ አማስ፣ አማት» ብሎ ያጠናል፤ እወዳለሁ፣ ትወዳለህ፣ ይወዳል ማለት ነው። በእኛው ቋንቋ እንሞክረው። ሰበርኩ፣ ሰበርክ፣ ሰበርሽ፣ ሰበረ። አማርኛ የሚማር ሰው ይህችን ከያዘ ቆረጥኩ፣ ቆረጥክ፣ ቆረጥሽ፣ ቆረጠ ለማለት ማንንም አይጠይቅም። «መስበር» ለ«መቁረጥ» የሰም አበባው ሆነለት። በቋንቋ ሳይንስ «ፓራዲግማቲክ» የሚባል ሌላ አጠቃቀምም አለ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዱ በሌላው ቦታ ሊተኩ የሚችሉ ቃላትን ዝምድና ይመለከታል። ላንቺ ጥያቄ ስለማያስፈልግ አልፈዋለሁ።

አማካሪሽ የጠየቁሽ ቃል ግን ከአሜሪካዊው የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪ ከቶማስ ኩን እጅ የወጣው ነው። ቃሉን ለሳይንስ ከእሱ በፊት የተጠቀሙ ነበሩ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ፊዚሲስት ሊሽተንበርግ አንዱ ነው። ዓለም የሰማው ግን በ1962 ኩን «የሳይንሳዊ አብዮቶች መዋቅር» የሚለውን መጽሐፍ ሲያወጣ ነው።

ኩን በሃርቫርድ ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው። በ1947 ሳይንስ ለማያጠኑ ተማሪዎች ለሚሰጥ ትምህርት ሲዘጋጅ የአርስቶትልን ፊዚክስ ያነባል። ግራ ገባው። ያን ያህል ብልህ ሰው ስለ እንቅስቃሴ እንዴት እንዲህ ይሳሳታል? ኋላ እንደተረከው፣ ድንገት ነገሩ በራለት። አርስቶትል «እንቅስቃሴ» ሲል ድንጋይ ከቦታ ቦታ መሄዱን ብቻ አይደለም። የታመመ ሰው መዳኑ፣ ዘር ዛፍ መሆኑም እንቅስቃሴ ነው። አርስቶትል መጥፎ የኒውተን ተማሪ አልነበረም። ሌላ ነገር ነበር የሚያየው። የኩን መጽሐፍ ከዚያች ቅጽበት የበቀለ ነው ማለት ይቻላል።

ኩን ራሱ «አሞ፣ አማስ፣ አማት»ን ይጠቅሳል። ሰዋስው ውስጥ ፓራዳይም እንደዚህ ይደገማል፤ ሳይንስ ውስጥ ግን ዝም ብሎ አይገለበጥም ይላል። ይልቁንም እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። አንድ ዳኛ የወሰነው ለሚቀጥለው ጉዳይ መነሻ ይሆናል፤ አዲሱ ጉዳይ ደግሞ ውሳኔውን ያሰፋዋል፣ ያጠራዋል። ሳይንቲስቶችም አንድ ትልቅ የተሳካ ሥራ አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። ያልተፈታውን እንቆቅልሽ እሱን እያዩ ይፈታሉ።

ለዚህ ኩን የሚሰጠው ሰንሰለት አለ፤ በጣም ነው የምወደው። ጋሊሌዮ ኳስ በተዳፋት ላይ ሲንከባለል አየ። ኳሷ ወርዳ በሌላ ተዳፋት ላይ ስትወጣ መጀመሪያ ከነበረችበት ከፍታ ትደርሳለች። ከዚያ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደትን እንደዚያች ኳስ ማየት ተማረ። ሁይገንስ ቀጠለና አንድ ክብደት ብቻ ሳይሆን አካሉ ሁሉ የሚወዛወዝን ነገር፣ በሐሳብ ከፋፍሎ፣ እንደ ብዙ ትናንሽ የጋሊሌዮ ፔንዱለሞች አየው። ቀጥሎ ዳንኤል ቤርኑሊ መጣ። ከጋን ቀዳዳ የሚፈስን ውሃ እንደ ሁይገንስ ፔንዱለም አየው። ኳስ፣ ፔንዱለም፣ ውሃ። ሦስቱን የሚያገናኝ ሕግ መጀመሪያ ተጽፎ አልነበረም። አንዱ ለሌላው ማሳያ እየሆነ ነው የሄደው። የፕላቶ ልጆች ፊደላቸውን ያገኙትም በዚህ መንገድ ነበር።

ታዲያ ፓራዳይም ከማሳያ ወደ «እይታ» እንዴት ተሻገረ? አንድ ማሳያ ብዙ ዓመት አጠገብሽ ሲቀመጥ ዓይንሽን ይገራዋል። ምን ጥያቄ እንደሚጠየቅ፣ ምን መልስ እንደሚጠበቅ፣ የትኛው ልዩነት ቁም ነገር የትኛው ተራ ስሕተት እንደሆነ እሱ ይወስንልሻል። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሌቬሪዬ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ዩራነስ የምትባለው ፕላኔት የኒውተን ስሌት እንደሚለው አልሄድ አለች። ሌቬሪዬ ኒውተንን አልጠረጠረም። «ያላየነው ሌላ ፕላኔት እየጎተታት ነው» ብሎ ቦታውን አሰላ። በመስከረም 1846 በርሊን ላይ ቴሌስኮፕ ወደዚያ ሲዞር ኔፕቲዩን ከተባለው ቦታ 1 ዲግሪ ባልሞላ ርቀት ተገኘች። የሚያስደንቅ ድል ነው።

በ1859 ይኸው ሰው ስለ ሜርኩሪ ጻፈ። እሷም ከስሌቱ ታፈነግጣለች። ሌቬሪዬ ያንኑ የሰም አበባ አወጣ። ያልታየ ፕላኔት አለ አለ፤ ቩልካን የሚል ስምም ወጣለት። ተፈለገ፣ ተፈለገ፣ አልተገኘም። ልዩነቱ በ100 ዓመት 43 የማዕዘን ሴኮንድ ገደማ ነው፤ አንድ ዲግሪ 3,600 ሴኮንድ መሆኑን አስቢና ትንሽነቱን ገምቺ። ይህች ቅንጣት ልዩነት መልስ ያገኘችው በ1915 አይንስታይን ስበትን በአዲስ መንገድ ሲያስበው ነው። ያልታየ ፕላኔት አልነበረም። መለወጥ የነበረበት ማሳያው ራሱ ነበር። ልብ በዪ፣ ሌቬሪዬ በሁለተኛው ጊዜ ሰንፎ አይደለም የተሳሳተው። ሁለቱንም ጊዜ ያሰበው በአንድ መንገድ ነው።

«የፓራዳይም ለውጥ» ማለት ይህ ነው። አዲስ መመሪያ ወይም አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር ይህን ቃል መጥራት አያምርም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አለኝ፤ የድሮው ጥያቄ ትርጉም አጥቷል ወይ? እላለሁ። ድሮ ኬሚስቶች የሚነድ ነገር ሁሉ ውስጥ ፍሎጂስተን የሚባል ነገር አለ፣ ሲነድ ይወጣል ብለው ያምኑ ነበር። እንግሊዛዊው ፕሪስትሊ በ1774 የለየውን ጋዝ «ፍሎጂስተን የተወሰደበት አየር» ብሎ ጠራው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዋዚዬ ያንኑ ጋዝ ኦክስጅን አለው። ከዚያ በኋላ «ከሰል ውስጥ ምን ያህል ፍሎጂስተን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ኬሚስት ጠፋ። ጥያቄው መልስ አግኝቶ አይደለም፤ ጥያቄነቱ ቀረ። እንዲህ ሲሆን ነው ፓራዳይም ተለወጠ የሚባለው።

አሁን ስላንቺ ግራ መጋባት። ብቻሽን አይደለሽም። ማርጋሬት ማስተርማን የምትባል ፈላስፋ የኩንን መጽሐፍ አንብባ ቃሉን በ21 የተለያየ ትርጉም ተጠቅሞበታል ብላ ቆጥራለች።  ኩንም ተቀበለው። በ1969 በጻፈው ድኅረ ቃል ቃሉን ለሁለት ከፈለው። ሰፊው ትርጉም የሙያው ሰዎች የሚጋሩት ነገር ሁሉ ነው፤ ቀመሩ፣ እምነቱ፣ ሚዛኑ። ጠባቡ ደግሞ አብረው የሚጋሩት የተሠራ ምሳሌ ነው። ከሁለቱ ዋናው፣ ሰው ደግሞ በደንብ ያልተረዳልኝ፣ ጠባቡ ነው የሚል ሐሳብ እዚያው ጽፏል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። ዓለም የያዘው ሰፊውን ነው። የሰም አበባው ተረሳ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ኩን ይህ ሐሳብ የመጣለት በ1958 እና 1959 በካሊፎርኒያ ከማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ጋር አንድ ዓመት ሲያሳልፍ ነው። ትክክለኛ ጥያቄ የቱ ነው፣ ትክክለኛ ዘዴ የቱ ነው እያሉ መሠረቱ ላይ ይከራከሩ ነበር። ፊዚክስ ውስጥ እንዲህ ያለ ክርክር ብዙም አላየም። ልዩነቱ ምንድን ነው ብሎ ሲፈልግ ነው ፓራዳይም የሚለውን ያገኘው። ቃሉ እንግዲህ ማኅበራዊ ሳይንስ የጎደለው የመሰለውን ነገር ለመሰየም የመጣ ነው። ዛሬ ግን ከሁሉ አብልጠው የሚጠቀሙበት የማኅበራዊ ሳይንስ የምርምር ዘዴ መጻሕፍት ናቸው። በ1994 የዚህ ዘርፍ ጸሐፊዎች የሆኑት ጉባና ሊንከን ፓራዳይምን ተመራማሪውን የሚመራ መሠረታዊ የእምነት ሥርዓት አድርገው ገለጹት። ፖዚቲቪዝም (እውነታ ከእኛ ውጭ አለ፣ ሊታወቅም ይችላል የሚል)፣ ድኅረ ፖዚቲቪዝም (አለ፣ ግን ፍጹም አይታወቅም የሚል)፣ ክሪቲካል ቲዎሪ (እውነታን ታሪክና ሥልጣን ይቀርጹታል የሚል)፣ ኮንስትራክቲቪዝም (እውነታን ሰዎች ራሳቸው ይገነቡታል የሚል) ብለው አራት ዘረዘሩ። አማካሪሽ የጠየቁሽ ይህን ነው። እውነታ ምንድን ነው ትያለሽ? እንዴት ይታወቃል ትያለሽ? ስለዚህ በምን መንገድ ታጠኚዋለሽ? ለሦስቱ ጥያቄዎች ያለሽ መልስ እርስ በርሱ መስማማት አለበት።

ሞዴል ሌላ ነው። ቃሉም ሌላ ሥር አለው። ከላቲን «ሞዱሉስ» ነው፣ ትንሽ መለኪያ ማለት፤ በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ አልፎ መጣ። ሞዴል የአንድን ነገር ዋና ዋና ክፍሎች አሳንሶ የሚያሳይ ሥራ ነው። ሣጥንና ቀስት የሣልሽበት ወረቀት ትክክለኛ ሞዴል ነው። ካልሠራልሽ ነገ ቀድደሽ ሌላ ትሥያለሽ። ፓራዳይም እንደዚያ አይቀደድም፤ ስትማሪ ዓይንሽ ውስጥ የገባ ነው። አንድ ሞዴል በጣም ተሳክቶለት ሌሎች አጠገባቸው አስቀምጠው ሲሠሩበት ፓራዳይም ሊሆን ይችላል። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱን ያቀራረባቸውም ለዚህ ነው።

በአማርኛ ምን ልበለው ላልሽው፣ ይህን ጉዳይ ብዙ አስቤበታለሁ። «የእሳቤ ማዕቀፍ» የሚሉ አሉ። ማዕቀፍ ማቀፍ ከሚለው ስለወጣ ነገሩን ዙሪያውን የሚይዝ ነው። ሰፊውን ትርጉም ይገልጻል፤ ነገር ግን አጠገብ ቆሞ የሚያሳየው ነገር ይጠፋበታል። «ምሳሌ» መምሰልን ይዟል፣ ማሳየትን ግን አልያዘም፤ ደግሞም ለተራ ነገር ሁሉ ስለሚውል ክብደቱ ያንሳል። አንድ ቀን «አርአያ» የሚለውን ቃል ሳስብ ቆሜ ቀረሁ። ግዕዝ «ርእየ» ሲል አየ ማለት ነው። «አርአየ» ሲል አሳየ ማለት ነው። አርአያ ከዚያ የወጣ ነው፤ የሚያሳይ፣ የሚታይ፣ እሱን አይተው የሚሠሩበት። ግሪኩ ከ«ዴይክኑሚ» የወሰደውን መንገድ ግዕዝ ከ«አርአየ» ወስዶታል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ርዕዮተ ዓለም የምንለው «ርዕዮት»ም ከዚሁ «ርእየ» ነው። ኩን ቃሉን ለሁለት ሲከፍለው፣ አንድ የሚታይ ማሳያና አንድ የማየት መንገድ ብሎ፣ ሁለቱም በእኛ ቋንቋ ከአንድ ግሥ ተወልደው ቁጭ ብለዋል። አርአያ እና ርዕዮት። ይህን ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ዛሬ አርአያን ለመልካም ሰው፣ ርዕዮተ ዓለምን ለፖለቲካ ስለሰጠናቸው ጥናት ውስጥ በድፍረት ብትጽፊያቸው አንባቢ ይደናገራል። ስለዚህ ለአሁኑ «ፓራዳይም» ብለሽ ጻፊ። መጀመሪያ ስትጠቅሺው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂው፣ ከዚያ በዚያው ቃል ቀጥዪ። «ፓራዲግም» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ግሪኩን የተከተለ ነው፣ ስሕተት አይደለም። ብቻ አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻ ያዢ።

ለአማካሪሽ የምትጽፊው ምዕራፍ ላይ አንድ ነገር ጨምሪበት። «ፓራዳይሜ ኮንስትራክቲቪዝም ነው» ብለሽ አታቁሚ። በዚያ መንገድ የተሠራና ስታነቢው «እኔም እንዲህ ነው መሥራት የምፈልገው» ያሰኘሽን አንድ ጥናት ፈልጊ። ጥያቄውን እንዴት እንዳነሳ፣ ከሰዎች ጋር እንዴት እንደተነጋገረ፣ መረጃውን እንዴት እንዳነበበ በሁለት አንቀጽ አሳዪ። ቀጥለሽ የራስሽን ጥያቄ ከጎኑ አስቀምጪና የት ላይ እንደምትከተዪው፣ የት ላይ እንደምትለዪ ጻፊ።